የሲሚንቶው ሐውልትና የአክስቴ ላም

አክሱምን ያየሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ከክፍሌ ልጆች ጋር በአውቶቡስ ሄጄ ነው። መምህራችን በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን የውሸት በርና መስኮቶች እያሳዩን፣ "ይህ ሁሉ የመቃብር ምልክት ነው" አሉን። የምጠይቀው ነበረኝ፤ አፍሬ ተውኩት። ከወደቀው ትልቁ ሐውልት አጠገብ ግን ትንሽ ወደኋላ ቀርቼ በመዳፌ ነካሁት። ፀሐይ አሙቆት ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ትምህርት ተቋረጠና ወደ ቆቦ ተመለስኩ። የድርቁ ዓመት ነው። ከአውራ ጎዳናው ዳር የዚያኑ ሐውልት አምሳያ በሲሚንቶ ሲያቆሙ አገኘሁ። ሊጎበኘን ለሚመጣ ባለሥልጣን መቀበያ ነው ተባለ። ቁመቱ ከሻይ ቤቱ ጣሪያ እምብዛም አይበልጥም፤ መስኮቶቹ በማንኪያ የተጫሩ ይመስላሉ።

ርሃብ ከቆላው ያወጣቸው ገበሬዎች ጥላው ሥር ይቀመጡ ነበር። በእኛ አገር እስላም ሲቀበር ራስጌውና እግርጌው ላይ ድንጋይ ይቆማል።

"የማን መቃብር ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ ሽቅብ እያዩ።

"እኔ እንጃ። ራስጌው ይህን ካከለ እግርጌው እዚያ ዋጃ ከተማ ነዋ!" አሏቸው ጓደኛቸው።

"ማንም ይሁን፣ በርሃብ አልሞተም።"

ተሳሳቁ። ከዚያ ግን እጃቸውን ዘርግተው ለሟች የሚባለውን ፋቲሃ ቀሩለት። በዚያ ሰሞን ለሚሞተው ሰው ድንጋይ የሚያቆም ጉልበት ያለው ዘመድ አልነበረም።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ እዚያ ውሃ ታመላልስ ነበር። የውሃ ቦቴ መኪና ከሚሞላው በርሜል በባልዲ እየቀዳች ሲሚንቶው ላይ ታፈሳለች፤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ማታ በጣሳ ስንዴ ይሰፈርላታል። ከከብቶቿ የቀረቻት አንዲት ላም ነበረች፤ ሐሳቧ ሁሉ እሷን ለዝናብ ማድረስ ነው። ካልሆነላትም፣ ነፍሷ ሳትወጣ ቢላ ከደረሰባት ሥጋዋ የአክስቴን ልጆች ያቆያል። ቀድማ ከሞተች በክት ናት።

ሥራውን የሚያሠራው ፎርማን ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ለላሟ አንድ ባልዲ ብቻ…" ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

"እታለም፣ ውሃው የመጣው ለሐውልቱ ነው" አለኝ። "ዛሬ ለላም ብሰጥ ነገ ይሄን ሁሉ ሰው ምን ብዬ እከለክላለሁ?"

ሊመሽ ሲል ላሟ ራሷ መጣች። እርጥቡን ሲሚንቶ ስትልስ ቆየችና የፊት እግሮቿ ታጠፉ። ከሐውልቱ ግንበኞች አንዱ፣ ከደጋ የመጣ ክርስቲያን፣ ቢላውን መዞ ሮጠ።

"እናቴ፣ ልረድልሽ?" አላት አክስቴን።

"አላህ ይስጥህ ልጄ። አንተ ካረድካት ለኛ አትሆንም።"

"የማንንም ስም ሳልጠራ ባርዳትስ?"

"እሱማ የባሰ!" አለችና ወደኔ ዞረች። "አንቺ ምን ያቆምሻል? ከመስጊድ ሰው ጥሪ!"

በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። አክስቴም እኔም ያን ቢላ ለመቀበል እጃችንን አልዘረጋንም። ሮጥኩ። ከመስጊድ ደጃፍ አንድ ጎረቤታችንን ይዤ ስመለስ፣ ግንበኛው አሁንም ቢላውን እንደያዘ ላሟ አጠገብ ቆሟል። ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው አፍንጫዋን ዳበሱና ጩቤያቸውን ወደ አፎቱ መለሱ።

"አመለጠችን" አሉ።

"እንግዲህ ለኛም አትሆንም" አለ ግንበኛው፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ፎርማኑ ከሩቅ፣ "እንግዳ ሳይመጣ ከመንገዱ ጎትታችሁ አንሷት!" እያለ ይጮህ ነበር። አክስቴ አላለቀሰችም። ገመዱን ከላሟ አንገት ፈትታ ወገቧን ታጠቀችበት። በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ባልዲዋን ይዛ በርሜሉ ዘንድ ቆማ አገኘኋት። ሲሚንቶው ገና ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ልጆቹም ስንዴውን ይጠብቃሉ።