የሐጂራ ዞምቢዎች

በጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሐጂራን የማያውቅ የለም። ሴት ስትሞት ጀናዛዋን የምታጥበውም፣ ከፈኑን የምታስረውም እሷ ናት። ልጅ የላትም፤ ባሏም ቀድሟት ሄዷል። «ከሰው ያቆራኘኝ ይሄ እጄ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

ጣጣው የመጣው በተከራይዋ በአብሳሎም ነው። ይኼ የኮሌጅ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አስቂኝ የዞምቢ ፊልም እንሠራለን ብሎ ግቢዋን በነጭ አቡጀዲ ሞላው።

«ዞምቢ ደግሞ ምንድነው?»

«ሞቶ የተነሳ ሰው ነው፣ አዴ ሐጂራ። ተነስቶ ሰው ያሳድዳል።»

«አስተግፊሩላህ። ታዲያ ከፈን እንዲህ ይጠቀለላል?» አለችና ጨርቁን ከእጁ ነጠቀችው።

የለመደ እጅ መች ያርፋል! ዞምቢ የሚሆኑትን ልጆች ከራስ፣ ከወገብ፣ ከእግር፣ ልክ እንደ ጀናዛ ጥፍንግ አድርጋ አሰረቻቸው። ካሜራው ሲነሳ ዞምቢዎቹ አንድ እርምጃ ሳይራመዱ እንደ ግንድ ተደራርበው ወደቁ። አብሳሎም ያንን ቆርጦ እንደመጣል የፊልሙ መክፈቻ አደረገው።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቱ ስልክ ለስልክ እየተቀባበለ ሳቀ። ጎረቤቷ ፈሂማ «ሞት እኛ ላይ ሲስቅ ኖሯል፣ አንድ ቀን ብንስቅበት ምን አለ?» አለች። ሽማግሌው ሐጂ ሀቢቡላህ ግን «በከፈን የቀለደ እጅ ጀናዛ አይነካም» አሉ። የሳቸው ቃል ደግሞ መሬት ጠብ አይልም። ብዙም ሳይቆይ በሰፈሩ አንዲት ሴት ሞታ፣ ሌላ አጣቢ ከሰኮሩ ከተማ ድረስ ስትመጣ ሐጂራ በሯ ላይ ቆማ አየች። ለቀብር ካልጠሯት ማን ሊጠራት ነው?

አብሳሎም ተጨንቆ «ፊልሙን ላጥፋው» ቢላት፣ «ተወው ልጄ፣ የሳቀ ሰው ሳቁን አይመልስም» አለችው።

አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ሐጂ ሀቢቡላህ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እናቴ አረፉ፣ ሐጂራ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ያጽናዎት፣ ሐጂ።»

ሽማግሌው አልሄዱም። «ልጆቹ ያንን ፊልም አሳይተዋቸው ነበር። ከታመሙ ጀምሮ ጥርሳቸውን አይተን አናውቅም፤ ያን ቀን ግን እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ አየን። ሐጂራ ትጠበኝ ብለው ተናዘዙ። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ሌላስ ያሉት አለ?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለ። ከእግሬ ላላ አድርጋ ትሰረኝ፣ የምነሳ ቀን እንዳልደፋ በላት ብለዋል።»

ሐጂራ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ሻሿን አጥብቃ ተከተለቻቸው። ሬሳውን እንደ ወጉ አጠበች፣ ከፈነች፣ ከራስና ከወገብ አሰረች። እግር ላይ ስትደርስ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ቋጠሮውን ላላ አደረገችው።