መትረየሱን የሰቀልኩባት ጀልባ

አሶሳ ባሕር የላትም። ሁለት ሜትር ከአርባ የምትረዝም የጦር ቅኝት ጀልባ ግን እኛ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ስምንት ወር ሙሉ ስትሠራ ከርማለች። ሐሳቡ የጎረቤቴ ነበር። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል የሞተር መካኒክ ሆነው አገልግለዋል፤ ኋላ የሚስታቸውን ዘመዶች ተከትለው ወደዚህ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ።

የነበሩባትን ጀልባ ልኬት በቃላቸው ያውቁታል። አንድ አሥረኛዋን የምታህል ሞዴል እንሥራ አሉኝ። አጽሟን እሳቸው ከዋንዛ ሠሩት፤ ላዩን የመኪና ቦዲ ከሚጠግን ሰው ባገኘነው ፋይበር ግላስ ለበጥነው። ሽታው ራስ ያዞራል፤ ለቀናት የምበላው ሁሉ እሱን እሱን ይለኝ ነበር። ሞተሮቹን፣ ባትሪውንና ሪሞቱን ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ።

የሞከርናት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገድ ሠሪዎች አፈር ባወጡበት ጉድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው። ሰው የከብት አንጀትና ፈርስ ይጥልበታል። በመጀመሪያው ቀን አንጀት ተጠምጥሞባት መሀል ላይ ቆመች። ጋሼ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና አወጧት፤ እኔ ዳር ቆሜ አስታወኩ። ሳቁብኝ።

"ምን አለው፣ አንቺ? ይታጠባል" አሉ።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከፊት በኩል፣ መትረየሱ የሚተከልበት ክብ ቦታ ባዶ ነው።

"እሱን አልሠራም" አሉኝ ስጠይቃቸው።

"ያለሱ እኮ ትጎድላለች፣ ጋሼ።"

"ትጉደል። ጓደኛዬ እዚያ ላይ እንደቆመ ነው የተመታው። ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አጥቤው ሽታው አልለቅ አለኝ።"

ከዚያ በኋላ አላነሳሁባቸውም።

አንድ የቢሮ ኃላፊ ስለ ጀልባዋ ሰምቶ መጣና ለኤግዚቢሽን ፈለጋት። ዙሪያዋን ዞሮ ካያት በኋላ፣ "መትረየስ የሌላት የጦር ጀልባ ምኑን የጦር ሆነች? ድምፅም ይኑራት እንጂ" አለኝ። ጋሼ ያን ሳምንት ለቅሶ ብለው ባምባሲ ሄደዋል። ደውዬ ልጠይቃቸው እችል ነበር። እምቢ እንደሚሉ ስለማውቅ አልደወልኩም። ኃላፊው ፊት ጎበዝ መባል አምሮኝ ነበር። ከቧንቧ ቁራጭ መትረየስ ሠራሁ፣ አፈሙዙ ላይ ቀይ መብራት አደረግሁ፣ ከሥሩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ቀበርኩ። የተኩሱን ድምፅ ከስልኬ ነው የጫንኩት። ስሠራው ደስ እያለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ራሴን የሚያስጠላኝ ይሄ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሜዳ ላይ ነበር፤ በላስቲክ የተነጠፈ ሰፊ ገንዳ አዘጋጅተዋል። ኃላፊው ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ። ጀልባዋን አዞረና አፈሙዙን ወደ ሰዉ አድርጎ ተኮሰ። ሰዉ ሳቀ። ደገመው። ገንዳው አጠገብ ከመተከል በኩል ተፈናቅላ የመጣች፣ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ተቀምጣ ነበር። ብድግ ብላ ሳፋዋን አነሳች።

"ይሄ ድምፅ ጥሩ አይደለም" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ከሳፋዋ ማንጎ እየወደቀ ሄደች። ኃላፊው አንዱን ረገጠው፤ ጫማውን በሣሩ እየጠረገ ለሦስተኛ ጊዜ ተኮሰ። ሪሞቱን ከእጁ አልቀማሁትም። ሰዉ ሲያጨበጭብ አብሬ አጨበጨብኩ።

ዞር ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። ከባምባሲ እንደተመለሱ ቀጥታ ወደ ሜዳው መምጣታቸው ነው።

"ማነው የሰቀለው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ኃላፊው እኮ..."

"ስለ እሱ አልጠየቅኩሽም።"

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አንጀት በእጃቸው ሲፈቱ ፊታቸውን ያላጨማደዱ ሰው እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

የምስክር ወረቀቱ በእኔ ስም ብቻ ተጽፎ ተሰጠኝ። ስቀበለው እጄ ላይ የሆነ የሚያጣብቅ ነገር የቀረ መሰለኝ። በሳምንቱ ጀልባዋን መልሼ ልወስድ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሆና ተመዝግባለች አሉኝ። እንግዲያው መትረየሱን ብቻ ልፍታው ብዬ ለመንኩ።

"ሰው የሚወደው እኮ እሱን ነው" አለችኝ ጸሐፊዋ።

ለጋሼ ሄጄ ነገርኳቸው። የውሃ ፓምፕ እየፈቱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"እዚያው ትቀመጥ" አሉ።

ዛሬም ጎረቤታሞች ነን። ጠዋት እንደምን አደሩ እላቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል። ከዚያ በላይ አያወሩኝም፤ እኔም ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።