ሦስተኛው ጥያቄ ምን ይላል?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ የልጅ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። አንዲት ወጣት መምህርት ተነሥታ፣ ከእንግዲህ ግማሹ ነጥብ ልጆች በእጃቸው ሠርተው ከሚያቀርቡት ፕሮጀክት፣ ግማሹ ደግሞ ከማጠቃለያ ፈተና ቢያዝ ምን ይመስላችኋል ብላ ጠየቀች። አዳራሹ አጉረመረመ። ፕሮጀክቱን የሚሠራው እናትና አባት ነው ያሉ ነበሩ። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ ፈተና አይዋሽም፣ ያወቀ ይጽፋል፣ ያላወቀ እስክርቢቶ ሲያኝክ ይውላል አለ። ዕድሜዬን በመምህርነት ስለጨረስሁ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለችኝ መምህርቷ።

ፊቴ ላይ ድቅን ያለብኝ እንየው ነው።

እንየው እንደ እኔው የማንኩሳ ገጠር ልጅ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራየን። ቅዳሜ ወደየቤታችን እንሄድና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንት ስንቃችንን፣ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ በጨርቅ የተቋጠረውን ሽሮ ተሸክመን በእግራችን እንመለሳለን። በመንገድ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበር የሚሄደው። ልማዱ ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ፀሐይ በርትቶብኝ ጋቢዬን አውልቄ ከስንቄ ጋር ቋጠርሁት። ብዙም ሳንሄድ እንየው ከመንገዱ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ለካ እስከዚያ ቀን ሲከተል የኖረው የጋቢዬን ንጣት ነው።

ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ያን ጊዜ ነገረኝ፤ ለማንም እንዳልናገርም አስማለኝ። አባቱ ከሰሙ ከጠበል ጠበል ሲያዞሩት ትምህርቱ ይቀራል ብሎ ይፈራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፊት ወንበር ጎን ለጎን እየተቀመጥን ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በሹክሹክታ አነብለት ጀመር። እሱ አንዴ የሰማውን አይረሳም። ቤት ስንገባ መልሶ የሚያስጠናኝ እሱ ነበር። ከእኔ እንደሚበልጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

የግብርና መምህራችን ከቡሬ የመጡ ወጣት ነበሩ። በዚያ ዓመት በትምህርት ቤቱ ጓሮ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መደብ ሰጥተው የበርበሬ ችግኝ እንድናፈላ አዘዙን። የዓመቱ ነጥብ እኩሌታ ከዚያ ይያዛል አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የእኔ ችግኝ አንገቱ እየቀጠነ ይወድቅ ጀመር። የሌሎቹም እንደዚያው ሆነ፤ ከእንየው በቀር። እንየው ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይዳስሳል፣ ያሸታል። መደቡን ከፍ አድርጎ ነበር የሠራው፤ ከላዩ የጋረደውን የሣር ዳስም ማለዳ ይገልጥና ፀሐይ ሲበረታ ይመልሰዋል። መምህሩ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ምን ብታደርገው ነው ሲሉት፣ "ውሃ የበዛበት አፈር ይሸታል። ሲሸተኝ አላጠጣውም" አላቸው።

መምህሩ ሁላችንንም ጠርተው ያንኑ ደግሞ እንዲነግረን አደረጉ። ሙሉ ነጥብም ሰጡት። እኔ ከክፍሉ አንደኛ መውጣት የለመድሁ ልጅ ነበርሁና እጄ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈገፈግሁ ቆምሁ። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ቅናት መሆኑን ለራሴ ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሰኔ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ተማሪ በፈተና እንጂ በችግኝ አይለካም ብለው የመደቡን ነጥብ ሰረዙት። በፈተናው ቀንም እንዳንኮራረጅ ቦታችንን አደባለቁት። እንየው የመጨረሻው ወንበር ደረሰው፤ እኔ ከእሱ ፊት ተቀመጥሁ። የወረቀት ማባዣ መኪና ስላልነበረ ጥያቄው የሚጻፈው በሰሌዳ ነበር። ፈታኙ፣ አንድ ሽማግሌ መምህር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡልን። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ማንበቡን ተዉትና መጻፉን ብቻ ቀጠሉ። ክፍሉ ጨለምለም አለ።

እንየው ከኋላዬ ጎንበስ አለ። "ሦስተኛው ጥያቄ ምን ይላል?" አለኝ።

ጀርባዬን ሰጥቼው ዝም አልሁ። ደገመልኝ። ፈታኙ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ።

"ምን አለህ?" አሉኝ።

"መልስ ጠየቀኝ" አልሁ።

ጥያቄውን ጠየቀኝ ማለት እችል ነበር። ደንግጬ ነው እያልሁ ለራሴ ብዙ ጊዜ ተከራክሬለታለሁ። ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያን አስታውሳለሁ። ፈታኙ ወረቀቱን ነጠቁትና እውነት ነው ወይ አሉት። እንየው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዓይኑ እንደ ልማዱ ትንሽ አለፍ ብሎኝ ግድግዳው ላይ አረፈ። ልመልስ ቢል ዓይኑ ሊታወቅበት ነው። ተነሥቶ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ መቃኑን በእጁ ሲፈልግ አየሁት። ሌላው ተማሪ አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር። እኔም አቀረቀርሁ።

ቤት ስደርስ ዕቃውን ይዞ ሄዷል። የተረፈውን በሶ ለሁለት ከፍሎ ድርሻዬን አስቀምጦልኛል። በሶው እስኪሻግት ድረስ አልነካሁትም።

አንደኛ ወጣሁ። በዚያ ክረምት የእንየውን ሰፈር እየሸሸሁ በሌላ መንገድ ስዞር ከረምሁ። በመስከረም ፈረስ ቤት በምትባለው ከተማ በኩል ቅኔ ቤት ገባ ሲሉ ሰማሁ። ቅኔ ቤት ሰሌዳ የለም፤ በጆሮ ተምረው በአፍ ነው የሚፈተኑት። እኔም በጊዜው መምህር ሆንሁ። ፈተና በሰጠሁ ቁጥር ጥያቄውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሥራ ፈረስ ቤት አደረሰኝና የኔታ እንየውን አጠያይቄ አገኘሁት። ዓይኑ ፈጽሞ ጠፍቷል። ዋንዛ ጥላ ሥር ተቀምጦ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ ቅኔያቸውን ይነግሩታል፤ እሱ ያርማል፣ አንዳንዴም ይስቃል። ሲበተኑ ቀረብሁ። ኮቴዬን ሰምቶ ቀና አለ።

"ማነው?" አለኝ።

ከመንገዱ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዲት ቃል አልወጣችኝም። እሱ ጠበቀ። ከዚያ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ "ግድ የለም። እኔ ዝም ያለ ሰው አውቃለሁ" አለ።

ተመልሼ መንገድ ገባሁ። የቅኔ መምህር ቃል ሰምና ወርቅ አለው። ሰው ሳይናገርም እለየዋለሁ ማለቱ ይሆናል፤ ወይም ዝም ያለብኝን አንድ ሰው አውቃለሁ ማለቱ። እስከ ዛሬ ስፈታው እውላለሁ።

በስብሰባው ላይ እንደምንም ብዬ፣ ፕሮጀክትም ይሁን ፈተና፣ መልሱን ከማረማችሁ በፊት ጥያቄው ልጁ ዘንድ መድረሱን እዩ አልሁ። ያጨበጨቡ ነበሩ። ስንወጣ መምህርቷ ተከትላኝ መጥታ ይህን ሐሳብ ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። ከልምድ ነው ልጄ አልኋት።

እንየው በሕይወት አለ፤ ከዚያ የመጣ ዲያቆን በቅርቡ ነግሮኛል። ወደ ፈረስ ቤት የሚሄደው መኪና በየጠዋቱ ከመናኸሪያው ይነሣል፤ የረዳቱ ጥሪ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። ጫማዬን አድርጌ እስከ መናኸሪያው በር የሄድሁባቸው ጠዋቶች አሉ። በሩን አልፌ ግን አላውቅም።