ጀማል ያዘዛቸው ጫጩቶች

ባለፈው ሳምንት ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ጎረቤቴን ሰሚራን ካርቶን ታቅፋ አገኘኋት። ካርቶኑ ውስጥ ጫጩቶች ይጮኻሉ። በሌላ እጇ ስልኳን ይዛለች።

«አንዱ ስኳር በውሃ ስጫቸው ይላል፣ አንዱ እንዳትሰጫቸው ይላል» አለችኝ። «የቱን ልመን?»

እኔም እንዲህ ያለ ካርቶን የታቀፍኩበት ክረምት ትዝ አለኝ።

ያኔ ካዛንቺስ ነበርን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ከተቀበረ በኋላ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ አንድ ባለሞተር መጣ።

«ጀማል አለ?»

«የለም» አልኩት።

«እሺ፣ አንተ ተቀበልለት። ሲመጣ ጫጩቶቹ ደርሰዋል በለው።»

ድንኳኑ የጎረቤት መስሎት ይሆናል። እኔም አላረምኩትም።

ጀማል ጫጩት ሊያሳድግ ማሰቡን አውቃለሁ። እንዴት እንደሚያሳድግ ግን አልነገረኝም። ስልኬን ከፈትኩ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ስገባ ሌላ ይጠቁመኛል፤ አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላ ይከተላል። የሚያሞቃቸው አምፖል ሌት ተቀን ይብራ። የለም፣ ማታ ይጥፋ። ነጭ ሽንኩርት ውሃው ውስጥ ጨምር። የለም፣ ሆዳቸውን ያቃጥላል።

ለቅሶ የመጡትም ጨመሩበት። ስለ ጀማል ማውራት ለከበዳቸው ሰዎች የጫጩቶቹ ጩኸት እፎይታ ሳይሆንላቸው አልቀረም።

«እነዚህ እናት ነው የሚፈልጉት፣ ማለቴ... በቃ፣ አንድ ዶሮ ግዛላቸው» አሉኝ ጋሽ ከድር፣ ጎረቤት ያመጣውን ሽሮ እየበሉ።

«እርስዎ ደግሞ፣ እናት ከገበያ ትገዛለች እንዴ?» አሉ እትዬ አልማዝ። አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ እናቴን አየት አደረገና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

የሰማሁትን ሁሉ አደረግኩ። አምፖሉን ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ። ሁለት ጫጩቶች ሞቱ። እናቴ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ከዚህ ቤት ሌላ ሬሳ እንዳይወጣ» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር አልሰማኋትም። ከዚያ በኋላ ይብሱን ከስልኬ አልነቀል አልኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለና መብራት ጠፋ። የስልኬም ባትሪ አለቀ። የምጠይቀው ሳጣ ካርቶኑ ፊት ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ቆርቆሮው በዝናቡ ይንጫጫል፤ እነሱ ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል።

«በርዷቸዋል» አለች እናቴ ከኋላዬ። «አይታይህም?»

ከሰሉ ላይ ለሻይ የተጣደ ውሃ ነበር። ሁለት ሃይላንድ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገባቸው አስተኛሁ። ከላይ የምሸፍንበት ስፈልግ እናቴ ጓዳ ገብታ የጀማልን ሹራብ ይዛ ወጣች። ሽታው እንዳይለቅ ብላ ማንም እንዳይነካው የከለከለችው ሹራብ ነው። እሷው ካርቶኑ ላይ ዘረጋችው፤ አየር እንዲገባ አንድ ጥጉን ገለጥ አደረገችው።

ቀስ በቀስ ጩኸቱ ረገበ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልሞተብንም። ከግሩፖቹ አልወጣሁም፤ መጀመሪያ ካርቶኑን፣ ቀጥሎ ስልኩን ማየት ግን ለመድኩ።

«አስቀምጫቸውና እያቸው» አልኳት ሰሚራን። «ከተደራረቡ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ከሸሹ ሞቋቸዋል። የስኳሩን ነገር ኋላ ታነቢያለሽ።»

«ይኸው ነው?»

«ለዛሬ ይኸው ነው።»

ሹራቡ አሁንም ቁም ሳጥናችን ውስጥ አለ። ጫጩት ጫጩት ይሸታል። ከዚያ ውስጥ የጀማል ሽታ የቱ እንደሆነ እኔ መለየት አልችልም። እናቴ ግን እስካሁን አላጠበችውም።