ሽሮ በአይል አሥራ አራት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ያስለቀሰኝ ፓሌት ጃክ ነው። ዕቃ የተቆለለበትን የእንጨት ርብራብ ከሥር ገብቶ የሚያነሳ፣ በእጅ የሚጎተት ጋሪ ማለት ነው። እጀታው ወደ ላይና ወደ ታች ፓምፕ ካልተደረገ እንደማያነሳ የነገረኝ የለም። አንድ ርብራብ ሙሉ የቲማቲም ቆርቆሮ መሐል መንገድ ላይ ገትሬ ስታገል ደንበኛው በዙሪያዬ ያልፋል። ቲም ሊዷ፣ የቡድናችን አለቃ፣ መጥታ ሁለት ጊዜ ፓምፕ አድርጋው በአንድ እጇ ይዛው ሄደች። አይ ሞኝነቴ!

ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ባለው በዚያ ትልቅ መደብር ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ሥራውን ያገኘሁት በጋሽ እንድሪስ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከመደብሩ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቅ ነበራቸው። ክፍል የሚያከራይም ሥራ የሚፈልግም መስታወታቸው ላይ ወረቀት ይለጥፋል። “እነዚያ ሰው እየቀጠሩ ነው፣ ተነሽ” ብለው በመኪናቸው ወስደው አፕላይ ያስደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ሥራዬ መደርደር ነበር። ክሎክ ኢን አድርጌ የገባሁበትን ሰዓት አስመዘግባለሁ፣ ቬስቴን፣ የመደብሩን ሰደርያ፣ እለብሳለሁ፣ ካርቶን እከፍታለሁ። ከምሳ በኋላ ፌሲንግ ነው፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ዕቃ ወደ ፊት እየሳቡ ሙሉ ማስመሰል። ባዶውን ሙሉ ማስመሰል በደንብ ተምሬያለሁ።

ደሞዙን? ኧረ ተዉኝ እስቲ። ደሞዙ ብቻም አይደለም፣ ሰዓቱ ነው የሚያቃጥለው። ስኬጁል ሲወጣ ሰዓትሽ ፉል ታይም፣ የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ የሚያሰኘውን ልክ፣ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ ይላል። ፉል ታይም ከሌለ የጤና ኢንሹራንስ የለም። እኔ ደግሞ ስኳር አለብኝ። ኢንሱሊኑን እየቆጠብኩ የምወጋበት ወር ነበር።

ሶ፣ አንድ ቀን የመደብሩ ማናጀር ብራየን ቢሮው ጠራኝ። ያን ያህል ዓመት ሠርቼ ቢሮው ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

“እዚህ ሠፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ” አለኝ። “ምን እንደሚገዙ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ” አልኩት።

“ሊስት አድርጊልኝ። ከየት እንደሚመጣም ጻፊ። ዕቃው ከተሸጠ ቲም ሊድ አንቺ ነሽ፤ ፉል ታይም።”

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሄድኩ። ማናጀራችን የሐበሻ ዕቃ ሊያስገባ መሆኑን ነግሬ ጤፉን ከማን እንደሚያመጡ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ።

“ፈረንጁ ሽሮ ሊሸጥ ነው በይኛ! ወላሂ ጥሩ ነው። ልጆቻችን ምግባቸው ትልቅ ቦታ ተደርድሮ ይዩት።”

የአቅራቢውን ስልክ በእጃቸው ጻፉልኝ። የትኛው በርበሬ ቶሎ እንደሚነቅዝ እንኳን አልደበቁኝም። “እርስዎን አይጎዳዎትም?” አልኳቸው። “አብሽሪ፣ ፀሐይ። እኔ ደንበኛዬን አውቀዋለሁ” አሉኝ። እኔም ማመን ፈልጌ ነበርና አመንኩ።

አይል አሥራ አራት ላይ፣ አሥራ አራተኛው የመደርደሪያ መተላለፊያ ማለት ነው፣ ግማሽ መደርደሪያ ተሰጠን። የደረደርኩት እኔው ነኝ። “ሽሮ” የሚለውን የአማርኛ ጽሑፍ እዚያ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። ፎቶ አንስቼ ለማውቀው ሁሉ ላክሁ። ዋጋው ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ከሚረከቡበት ዝቅ ያለ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። ሐበሻው በጋሪ በጋሪ ገዛ። ወተቱንም ዳይፐሩንም እዚያው ያገኛል፣ ፓርክ የሚያደርገው አንዴ ነው። ማን ይፈርድበታል?

ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ ያሰናበቱት ሠራተኛቸውን ሰብለን ነው። እሷም እኛ ጋ አፕላይ አደረገች፤ ፓርት ታይም። ቀጥሎ ከሱቁ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ ዘጋ። “ሽሮ ሊገዛ የመጣ ነው እኮ ፀጉሩን የሚቆረጠው” ይል ነበር ምስኪን። በመጨረሻ ሱቁ ራሱ ተዘጋ።

የመዝጊያቸው ዕለት ሄድኩ። ፍሪዘሩን ብቻቸውን ሊገፉ ይታገላሉ።

“ጋሽ እንድሪስ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሊስቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“ስልኩንስ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁ? ይልቅ ያን ጫፍ ያዢ።”

ያዝኩላቸው። እያለቀስኩ ነው የገፋሁት። እሳቸው አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ቲም ሊድ ሆንሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ብራየን ወደ ሌላ ስቶር ተዛወረ። አዲሷ ማናጀር ስለ ቃሉ ብነግራት “በጽሑፍ አለሽ?” አለችኝ። ሽሮው በደንብ የተሸጠ ሰሞን ፒዛ አብልተውናል፤ እሱን አልክድም።

ሱቁ በተዘጋ በዓመቱ አይል አሥራ አራት ላይ ቢጫ ቲኬት እንድለጥፍ ታዘዝኩ። ማርክ ዳውን ይባላል፤ ዋጋው ተቀንሶ ዕቃው ሊነሳ ነው ማለት ነው። ማናጀሯን ለምን ብላት “ለያዘው ቦታ የሚበቃውን አይሸጥም” አለችኝ። የእኛ ጋሪ ሙሉ ለእነሱ ጥቂት ነው። በሽሮው ቦታ የውሻ ምግብ ደረደርኩ። አሁን የጋርላንድ ሐበሻ ጤፍ ለመግዛት ሀይዌይ ይዞ ዳላስ ማዶ ይሄዳል።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ተቀጠሩ። እኛው ጋ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በር ላይ የሚወጣውን ደንበኛ ሪሲት፣ ደረሰኙን፣ የሚያይ ሰው ሆነው። እንዳሠለጥናቸው የተመደብኩት እኔ ነኝ። ፊቴን የት ላግባው?

“እዚህ ጋ ይቆማሉ፤ ሪሲቱን አይተው በማርከሩ ምልክት ያደርጉበታል” አልኳቸው።

“መቀመጫ የለውም?”

“የለውም፣ ጋሽ እንድሪስ።”

“እስከ ስንት ሰዓት?”

“ብሬክ እስኪደርስ።”

“እሺ” አሉ።

የድሮ ደንበኛቸው አንዲት ሴት ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ስታያቸው ክው አለች። ሪሲቷን ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። “ቤተሰብ ደህና?” አሏትና ምልክት አድርገው መለሱላት። 

እኔ ከሥራው የወጣሁት እግሬ አልቆም ሲለኝ ነው። እሳቸው አሁንም አሉ። እናንተ ዛሬ ቬስት የምትለብሱ ልጆች፣ ማናጀሩ ጠርቶ ሰዎቻችሁ ምን እንደሚገዙና ከማን እንደሚገዙ ከጠየቃችሁ፣ አላውቅም በሉ። እኔ አውቃለሁ አልኩ።