ከተማዬ የተገመገመች ዕለት

ባለፈው ሰሞን ከቱሉ ዲምቱ ስመለስ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ስልኩን መሪው አጠገብ ሰክቶ አንዲት የማትታይ ሴት "ወደ ግራ ይታጠፉ" ስትለው ይታጠፋል። ፀጉሩ የሸበተበትን መንገድ እኮ ነው የምታሳየው። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ካርታውን ባየው፣ የአቃቂ ወንዝ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ተስሏል። ሳቄ አመለጠኝ፤ ረዳቱ ገላመጠኝ። እብድ ሽማግሌ የጫነ መስሎት ይሆናል፤ ብዙም አልተሳሳተም።

እኔም በወጣትነቴ ከተማ ቆርቁሬ ነበራ፣ ልጄ። በወረቀት ላይ።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አቃቂ ውስጥ በአንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ድርጅት የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሁለት በር ቁልፍ ወገቤ ላይ ስለሚንቃጨል ብቻ ራሴን እንደ ደጃዝማች የምቆጥር። በምሳ ሰዓት ዳማ የሚጫወቱትን ባልደረቦቼን ሁሉ እንቃቸው ነበር። እነሱ በቆርኪ ሲጣሉ እኔ በመጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ ዓለም ያላያትን ከተማ እስላለሁ። ሰባት ድልድይ፣ ሁለት ቤተ መንግሥት (አንዱ ቢሰለቸኝ)፣ መሀል አደባባዩ ላይ ደግሞ ፈረስ ላይ የተቀመጠ የኔው ሐውልት። ፈረስ ቀርቶ ጋሪ እንኳ ያዞረኛል።

ትልቁን ጎዳና ግን በማቅለሚያ ክፍሏ ልጅ ስም ሰየምኩት። እጆቿ እስከ ክርኗ የዕለቱን ቀለም ይዘው ይውላሉ፤ ሰኞ ቀይ፣ ሐሙስ አረንጓዴ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ትሸት ነበር፤ ዛሬም ሰላጣ ሲቀርብልኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። እንድታገባኝ ጠይቄያት "ላስብበት" ብላኛለች። ሰው ቀለበት ይሰጣል፤ እኔ ካርታዬን ሰጠኋትና "እስከ ቅዳሜ አይተሽ መልስሽን ንገሪኝ" አልኳት።

ያኔ የማይገመገም ነገር አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም ዘበኛውም በየተራው ፊት ለፊታችን ቆሞ መጀመሪያ ግለ ሂሱን ይናገራል፤ ከዚያ ሌላው ይወርድበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኖቹ ዝም ብለው፣ ከእንፋሎቱ ቧንቧ ጠብታ ብቻ እየተሰማ፣ እኔና እሷ ባዶዎቹ የቀለም በርሜሎች አጠገብ ተቀመጥን። ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና የስብሰባ መሪያችንን ድምፅ አስመስላ "ቆርቋሪው ግለ ሂስ ያድርግ" አለችኝ።

ተነስቼ ቆምኩ። ድክመቴ ከመጠን በላይ መሥራቴ ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁም ያለው ይህንኑ ነበር። ሳቀች፤ ነገሩ የተሳካልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ጣቷን ወንዙ ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከላይ። ከወረቀቱ ውጪ።"

"ታዲያ ገና ሲገባ ለምን ቆሸሸ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ጀምሬ ጭቃና ሐምራዊ የተቀላቀለበት ጥቁር ቀለም ቀብቼዋለሁ። በሁለቱ ቤተ መንግሥቶቼ መሀል እጣቢ ይወርዳል።

"አይ የአቃቂ ሰው፤ በህልምህ እንኳ የላይኛውን ሰፈር እጣቢ ትቀበላለህ?"

የተናገረችው እየሳቀች ነው። እኔ ግን ውስጤ ነደደ። እንኳን ተሳስቼ፣ ልክ ሆኜም ሂስ አልወድም። አጸፋውን የምመልስበት ስፈልግ፣ ከሦስተኛው ድልድይ በታች፣ በስሟ ከሰየምኩት ጎዳና ዳር፣ እኔ ያልሳልኩት ጎጆ አየሁ። በእርሳስ የተጫረ፣ ጣሪያው የተንጋደደ። በሳምንቱ ውስጥ እሷ ጨምራው ነው።

ያዝኳት አልኩ። ማን ፈቀደ፣ ፕላን የት አለ፣ ይህ የጨረቃ ቤት ነው፣ ጎዳናውን አበላሸው አልኩ። በዚህም አልበቃኝ፤ "ከተማ በጨርቅ ነካሪ እጅ አይሠራም" አልኳት። ከዚያ ላጲሴን አውጥቼ ጎጆውን አፈረስኩና ብናኙን እፍ አልኩት። አፍራሽ ግብረ ኃይል አንድ ለእናቱ።

ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ጩኸት መጥቶ አለፈ። እኔም፣ የሞኝነቴ ሞኝነት፣ ግምገማውን ያሸነፍኩ መስሎኝ፣ "በይ አሁን መልስሽን" አልኳት።

"ሰጥቼህ ነበር" አለች። "በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አላየሃቸውም።"

መልሰሽ ሳዪው ብዬ እርሳሱን ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፤ ወረቀቱን ጥቂት አየችው፤ ከዚያ እርሳሱን ቀስ አድርጋ በርሜሉ ላይ አስቀመጠችና ሽርጧን ፈታች። ዓመት ሳይሞላ ሳሪስ አቦ አካባቢ አግብታ ገባች ሲሉ ሰማሁ።

የዚያን ዕለት እሷ ከወጣች በኋላ ወረቀቱን ደጅ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ፈለግኳቸው። ላጲሴ ሥራውን የሚያውቅ ላጲስ ነበር፤ ጣሪያውም በሩም የለም። የቀረው የአንደኛው ሰው ክንድ ብቻ ነው፣ ወደ ሌላው የተዘረጋ። የእሷ ይሁን የእኔ እስከ ዛሬ አልለየሁም። የእሷ ይመስለኛል፤ እኔ መች እጄን ዘርግቼ አውቃለሁ።