የሀሊማ ሰርግና የዝናብ መጥረጊያው

ባለፈው ወር የመኪናዬ የሾፌር በኩል መስታወት እንደተዘጋ ቀርቶ አልወርድ አለ። በድሬዳዋ ሙቀት፣ ያውም በግንቦት፣ መስታወቱ የማይወርድ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ መንዳት ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትን ደግሞ አላህ አያሳያችሁ። ሁለት ቀን ቻልኩት። እሁድ ጠዋት ግን መኪናዋን ግቢዬ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኩና የበሩን ልባስ ፈትቼ፣ መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደውን፣ ቡጢ የሚያክለውን ሞተር አውጥቼ ከፈትኩት። ልጆቼ «እማዬ፣ መካኒክ ጥሪ!» እያሉ ይጮሁብኛል። የሞተሩ ክዳን ሲነሳ የደረቀ ግሪስ፣ የጋለ መዳብና የካርቦን ብናኝ የተቀላቀለበት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያንን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በአክስቴ በሀሊማ ሰርግ ዋዜማ ነው።

የመስታወቱን ሞተር ጠርጌ፣ ካርቦኑን ቀይሬ ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ሥራውን ያስተማረችኝ ግን መካኒክ አይደለችም፤ ልብስ ሰፊ ናት።

ያኔ የምንኖረው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ባለ፣ በረንዳው ሰፊ በሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፎቻቸውን አቆላልፈው የቀትሩን ፀሐይ በሚከልሉበት መንገድ ዳር። አባቴ ዩሱፍ ታክሲ ነጂ ነው። ሀሊማ ታናሽ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ስድስት፣ እሱ ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ ልጅ ማጠብም፣ ፀጉር መጎንጎንም፣ የታመመ ልጅ ራስጌ ቁጭ ብሎ ማደርም የተማረው በእሷ ነው። እናቴ ስታገባው እህቱን እንደ መጀመሪያ ልጇ አድርጋ ተቀበለቻት፤ እኔም ስወለድ ታላቅ እህት ያለኝ መስሎኝ አደግሁ። ሀሊማ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች። በረንዳው ላይ፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በምትሠራ የስፌት ማሽን፣ የሰፈሩን ሴቶች ሽቲ፣ ያንን ስስና ሰፊ የቆላ ቀሚስ፣ ስትሰፋ ትውላለች። ማሽኗ ስትለግም ሞተሯን ራሷ ከፍታ በጥርስ ብሩሽ ትጠርጋታለች፣ እፍ ትልባታለች፣ እንደ ሰውም ታናግራታለች፤ «አቦ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» እያለች።

የአባዬ ታክሲ ሰማያዊ፣ አሮጌ፣ እሱ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያት መኪና ነበረች። የዝናብ መጥረጊያዋ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አይሠራም። ይህ ማንንም አስጨንቆ አያውቅም፤ በድሬ ዝናብ እንግዳ ነው፣ ሲመጣም አባዬ መኪናዋን ዛፍ ሥር አቁሞ ሻይ ይጠጣል። ሁለቱን መጥረጊያዎች እኔ እንደ ጉትቻ ለጌጥ የተሰቀሉ ይመስሉኝ ነበር። እናቴም የመኪናውን ማጽጃ ጨርቅ አጥባ የምታሰጣው እነሱ ላይ ነው።

ነገሩ ችግር የሆነው ሀሊማ ሐረር ለሚኖር አንድ መምህር ስትታጭና ሰርጉ በነሐሴ ሲቆረጥ ነው። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፤ ደንገጎ ላይ ደግሞ በነሐሴ ዝናቡና ጉሙ አንድ ቀን እንኳ አይጠፋም። የሙሽራው አጎት ለሽምግልና የመጡ ጊዜ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ታክሲዋን ረጋ ብለው ተመለከቱና፣ «ልጃችንን የሚያመጣ መኪና እኛ እንልካለን፤ ይሄኛው መቼም መጥረጊያው የሚሠራ አይመስልም» አሉ። ክፋት አልነበራቸውም። መጥረጊያው ላይ የእናቴ ጨርቅ ተሰጥቶ ነበር። አባዬ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከከንፈሩ አላለፈም። ያሳደጋትን ልጅ በራሱ እጅ ነድቶ ለባሏ ማስረከብ ምን ያህል እንደሚመኝ ቤታችን ሁሉ ያውቃል። ሀሊማ ከጓዳ ሆና ሰምታ ነበርና እንግዶቹ እንደወጡ፣ «በወንድሜ መኪና ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ደመደመች።

አባዬ ታክሲዋን መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩ የመጥረጊያውን ሞተር አየና «ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ ፈልግ» አለው። ሌላ በከተማው ታጣ። ሰርጉ እሁድ ሊሆን ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባዬ ለማንም ሳይናገር ከጓሮ ገብቶ ሞተሩን ራሱ ከፈተው፤ በሕይወቱ ከመኪና ጎማ በቀር ምንም ፈትቶ የማያውቅ ሰው! ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሴቶች ዘፈንና በድስት ጩኸት ተሞልቶ ሳለ፣ እኔ እናቴ ውሃ እንዳመጣ ልካኝ ወደ ጓሮ ስሄድ፣ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ጋዜጣ ላይ የተበተኑ ብሎኖችንና ሞላዎችን አፍጥጦ ሲያይ አገኘሁት። አጠገቡ ጎረቤታችን ጉሌድ ቆሟል፤ እኛ ልጆች «አደር» እንለዋለን፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ጥግ ላይ ሱቅ አለው፤ ስለማያውቀው ነገር ምክር መስጠት ይወዳል።

«ወርያ ዩሱፍ፣» ይላል ጉሌድ፣ «ይሄ ትንሹ ብሎን ከየት ነው የመጣው?»

«ባውቅ እዚህ እቀመጣለሁ?»

ውሃውን ትቼ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ሀሊማ ሂና ተቀብታ ሁለት እጆቿን እንደ ጸሎት ዘርግታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭቃው እስኪደርቅ ምንም እንዳትነካ ተብላለች። በጆሮዋ ነገርኳት። ተነሳች። ሴቶቹ «ኧረ ሙሽራዋ! ኧረ ሂናው!» እያሉ ሲንጫጩ እሷ እጆቿን ከደረቷ ፊት አንስታ፣ ቀሚሷን በክርኗ ሰብስባ፣ በጓሮ በር ወጣች።

አባዬ ሲያያት ጋዜጣውን በእግሩ ሊሸፍን ሞከረ።

«አሳየኝ፣» አለችው።

«ግቢ አንቺ! ሙሽራ ነሽ እኮ።»

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የኔ ማሽን ሞተር ወንድም ነው።» ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «ነጂማ፣ እኔ እጅ የለኝም። ዛሬ እጄ አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ሹመት ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። አባዬ መሬት ቁጭ ብሎ ዱካውን ለቀቀልኝ፤ እሷ ከጀርባዬ ቆማ፣ አገጯን ትከሻዬ ላይ ደግፋ፣ ሂናው እየሸተተኝ ታዘኛለች። እንደ ደረቀ ቴምር የጠነከረውን አሮጌ ግሪስ በእንጨት ፋቅሁት፣ በቤንዚን አጠብኩት። ከሰል የመሰለውን የሞተሩን የመዳብ አንገት በብርጭቆ ወረቀት «ቀስ፣ እንደ ሕፃን ፊት» እያለችኝ ሳሸው ከሥሩ ቀይ ወርቅ የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ ጉሌድ እንኳ ሊያይ ጎንበስ አለ። ቀጥሎ መዳቡን እየነኩ መብራት የሚያቀብሉትን ሁለት ካርቦኖች አወጣን። አንደኛው ባቄላ ያክላል። ሌላኛው ተፈግፍጎ ተፈግፍጎ የጥፍር ቁራጭ ሆኗል።

«በሽታው ይሄ ነው፣» አለች ሀሊማ። «ሂጂ፣ ከማሽኔ ሞተር አንዱን ካርቦን አውጪ።»

አባዬ ከተቀመጠበት ተነሳ። ማሽኗ ለሐረር በሳጥን ታሽጋ፣ ገመድ ታስሮባት በረንዳው ላይ ነበረች፤ ሀሊማ ከዚያ ቤት ይዛው የምትወጣው የራሷ የሆነ ነገር እሷ ብቻ ናት።

«አይሆንም! ማሽንሽን አበላሽቼ አልድርሽም።»

«ለማሽኑ ካርቦን ሐረርም ይገኛል፣» አለችው። «እኔ ግን ሁለት ጊዜ አልዳርም።»

አባዬ ወደ በረንዳው ሄደ። ሳጥኑን ራሱ ፈታው። የማሽኑ ካርቦን ረዘም ይል ስለነበር የበረንዳውን ሲሚንቶ ወለል እንደ ሞረድ ተጠቅሜ ሞረድኩት፤ እየለካሁ፣ እየሞረድኩ፣ እንደገና እየለካሁ፣ ጣቶቼ እስኪጠቁሩ። የመጨረሻው ሥራ ግን ካሰብነው በላይ ከበደ። የሚሽከረከረው የሞተሩ እምብርት ወደ ቤቱ ሲገባ ሁለቱን ካርቦኖች ከነሞላቸው ወደ ኋላ ገፍቶ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አባዬ እምብርቱን ይዟል፤ እኔ አንዱን ካርቦን በመርፌ ይዣለሁ፤ ሌላኛው እየተስፈነጠረ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ጉሌድ ሊይዘው ሞከረ፤ ጣቱ ግን እንደ ሙዝ ወፍራም ነው፣ አልገባም አለ። በሦስተኛው ሙከራ ከትከሻዬ በላይ አንድ እጅ ሲያልፍ አየሁ። ሀሊማ በሂና የተለበጠ ቀኝ አውራ ጣቷን ከተተችና ካርቦኑን ወደ ኋላ ጫነችው።

«አሁን ግፋው፣ ወንድሜ!»

ገባ።

አባዬ ከባትሪው ሁለት ሽቦ አምጥቶ አስነካው። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ድንገት ነፍስ ዘርቶ ከጋዜጣው ላይ እንደ እንቁራሪት ዘለለ። እኔ ጮህኩ፣ ጉሌድ ጮኸ፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ ጩኸታችንን ሰምተው የሙሽራው ሰዎች የደረሱ ስለመሰላቸው እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ ሞተሩ ኮፋኖው ሥር ገብቶ ታሰረ። ዝናብ ስላልነበረን ጉሌድ መኪናዋ ፊት ወንበር ላይ ቆሞ በጣሳ ውሃ መስታወቱ ላይ ሲያፈስ፣ ሁለቱ መጥረጊያዎች በዕድሜዬ ሙሉ ከተኙበት ተነስተው፣ የዓመታቱን አቧራ በሰፊው ጭቃ አድርገው እየገፉ፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዙ ጀመር። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አጨበጨበ። አባዬ መሪውን ይዞ ውስጥ ተቀምጧል፤ መስታወቱ ሲጠራ ፊቱ እንደ ሕፃን ሲስቅ አየሁት።

እሁድ ጠዋት ተጓዝን። እኔ ከፊት፣ ሀሊማና እናቴ ከኋላ፣ ዘመዶቻችን በሚኒባስ ተከትለውን። ደንገጎን ስንጀምር የድሬ ሙቀት እንደ ካፖርት ከላያችን ወልቆ ቀረ፤ ጉሙ መጣ፣ ቀጥሎ ዝናቡ። መጥረጊያው እያቃሰተ ይሠራል። ሀሊማ ዓይነ ርግቧን ገልጣ፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቷን አስግጋ፣ «ጋለ፣ አሳርፈው... አሁን ልቀቀው» እያለች ወንድሟን ታዘዋለች። አንድ ጠምዛዛ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ከባድ መኪና የመንገዱን ጭቃ አንስቶ ሙሉ በሙሉ ፊታችን ላይ ደፋብን። ምንም አይታይም። መጥረጊያው መሐል ላይ ቀጥ አለ። በስተቀኝ ገደል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አባዬ ፍሬን ረገጠ፤ እናቴ ቢስሚላህ አለች፤ ከኋላችን የሚኒባሱ ጡሩምባ ይጮኻል።

«አጥፋና መልሰህ አብራው፣» አለች ሀሊማ፤ ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፣ ልክ ማሽኗን እንደምታናግር።

አጠፋው፣ አበራው። መጥረጊያው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ጭቃውን እንደ ከባድ መጋረጃ ገፍቶ ከፈተልን። መንገዱ ታየ። እናቴ ከኋላ እያለቀሰች ስትስቅ ይሰማኛል።

ሐረር ስንደርስ የሙሽራው እናት የሀሊማን እጆች ተቀብለው ሊስሙ አነሱና ቆም አሉ። በዚያ ሁሉ ያማረ የሂና አበባ መሐል ቀኝ አውራ ጣቷ ብቻ ጥቁር ነበር፤ ታጥቦ አልለቀቀም።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሂና ነው፣ ልጄ?»

«የወንድሜ መኪና ነው፣» አለች ሀሊማ፣ ሳታፍር።

ታሪኩ ሲነገራቸው ከልባቸው ሳቁ፤ ለአጎትየውም ነገሯቸው። አጎትየው አባዬን አቅፈው ትከሻውን መቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ ማራገቢያ ቢቆም፣ ራዲዮ ቢታመም፣ ከመካኒክ በፊት የሚጠራው ያቺ ከድሬ የመጣች ሙሽራ ሆነች።

እናቴ ሦስት ቀን ልትቆይ ሐረር ቀረች፤ እኔና አባዬ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ተመለስን። ደንገጎ ላይ ዝናቡ እንደገና ያዘን፤ ወደ ቆላው ስንወርድ ግን ቆመ፣ ፀሐይ ወጣ፣ መንገዱም ደረቀ። መጥረጊያው ደረቁን መስታወት ጭር ጭር እያደረገ መወዛወዙን አላቆመም። 

«አባዬ፣ ዝናብ እኮ የለም፣» አልኩት።

«ተይው ይሥራ፣» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፤ ጉንጩ እርጥብ ነበር፣ ከንፈሩ ግን ይስቃል። «ስንት ዓመት አርፏል!»

እንዲሁ እየተወዛወዘ ከዚራ ገባን።

ታክሲዋ ከተሸጠች ብዙ ጊዜዋ ነው። ከዚራ ያለው ቤት ውስጥ ሌሎች ሰዎች ይኖራሉ፤ ጉሌድም አባዬም ዛሬ የሉም። ሀሊማ ሐረር ናት፤ ዓይኗ ስለደከመ መርፌ ክር የሚያስገቡላት የልጅ ልጆቿ ናቸው። እኔ አንዳንድ ነሐሴ ልጠይቃት ስሄድ ያንን መንገድ በራሴ መኪና እነዳዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ መጥረጊያውን ወዲያው አጠፋዋለሁ፤ ከጎኔ «ተይው ይሥራ» የሚል ሰው የለምና።